ትኬቱ በማን አካውንት ይገዛ? ስለ ፕሪሴል ኮድና ወረቀት አልባ መግቢያ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ "ታናሽ እህቴ በጣም የምትወደው ዘፋኝ ኮንሰርት አለው። ለሷና ለሶስት ጓደኞቿ 4 ትኬት ልገዛላቸው ፈልጌ ለፕሪሴሉ (ለቅድሚያ ሽያጩ) በራሴ ኢሜይል ተመዝግቤ ነበር፣ መግቢያ ኮዱ ግን አልደረሰኝም፣ ዌይትሊስት (የተጠባባቂ ዝርዝር) ላይ ነህ ነው ያለኝ። አንድ ልጅ ደግሞ የኔን ኮድ ልሽጥልህ ብሎኛል። የባንክ ካርድ ፕሪሴል የሚባልም አለ ተብያለሁ። ሌላው፣ ትኬቱ ወረቀት የለውም በስልክ ብቻ ነው ይላል፣ እኔ በእለቱ ሌላ ሀገር ነኝ፣ ስክሪንሾት አድርጌ ብልክላት በቂ ነው? ቶሎ ለመግባትስ ላፕቶፕና ሁለት ስልክ አንድ ላይ ብከፍት ይጠቅማል?"

ምላሽ፦ ባጭሩ ልመልስና ከዛ ወደ ምክንያቱ እገባለሁ። ኮዱን አትግዛ። ስክሪንሾቱ በር ላይ አይሰራም ብለህ ያዝ። ሶስት ስክሪን መክፈት ሊጎዳህ ይችላል እንጂ አይጠቅምህም። የካርድ ፕሪሴሉ ግን ጥሩ መንገድ ነው፣ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ አንተ ያልጠየቅከው ነገር ነው፣ ኮንሰርቱ ላይ የማትገኝ ሰው ሆነህ ትኬቱን በራስህ አካውንትና በራስህ ካርድ ልትገዛ ማሰብህ። ድሮ ትኬት ወረቀት እያለ ማን ገዛው የሚለው ነገር ብዙም ለውጥ አልነበረውም፣ ወረቀቱን የያዘ ይገባ ነበር። አሁን ግን ትኬቱ ያለው ገዢው አካውንት ውስጥ ነው፣ አንዳንዴም ከገዢው ካርድና መታወቂያ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ በር ላይ ማን ይቆማል የሚለው የሚወሰነው ክፈል የሚለውን ከመንካትህ በፊት ነው፣ በኮንሰርቱ ቀን ላስተካክለው ብትል ብዙ ጊዜ መንገዱ ተዘግቷል።

ከፕሪሴሉ እንጀምር። ፕሪሴል ማለት ዋናው ሽያጭ ከመከፈቱ በፊት ከአዳራሹ ወንበር የተወሰነው ተለይቶ ለተወሰኑ ሰዎች የሚሸጥበት ሰአት ነው። ኮዱ ወደዛ ሽያጭ እንድትገባ ይፈቅድልሃል፣ ወንበር ግን አልያዘልህም። ለአንድ ኮንሰርት አራት አምስት ፕሪሴል ሊኖር ይችላል፣ የዘፋኙ አለ (የተመዘገቡ አድናቂዎች ወይም የፋን ክለብ አባላት)፣ የባንክ ካርድ አለ፣ የስልክ ኩባንያ አለ፣ የአዘጋጁ አለ፣ የአዳራሹ የራሱ አለ። ሁሉም የሚከፈትበት ሰአት ይለያያል፣ ብዙ ጊዜም ለያንዳንዱ የተመደበው የወንበር ብዛትና ቦታ የተለያየ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ጋ አልቋል ተባለ ማለት ኮንሰርቱ አልቋል ማለት አይደለም። ለምን ይሄ ሁሉ ካልክ ሁሉም ጥቅም አለው፣ ባንኩ ለደንበኞቹ ቅድሚያ ለማሰጠት ይከፍላል ወይም ስፖንሰር ያደርጋል፣ ዘፋኙ ትኬቱ ነጋዴ እጅ ሳይገባ አድናቂ ጋ እንዲደርስ ይፈልጋል፣ አዘጋጁ ደግሞ ስንት ሰው እንደተመዘገበ አይቶ ሁለተኛ ቀን ልጨምር አልጨምር ይወስናል።

ፕሪሴል ትንሽ ነገር ነው፣ ዋናው ሽያጭ ላይ አገኛለሁ ብሎ መተው ግን ስህተት ነው። የኒውዮርክ ግዛት ዋና አቃቤ ህግ ቢሮ በ2016 ባወጣው ሪፖርት (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በጣም ተፈላጊ በሆኑ ኮንሰርቶች በአማካይ ከትኬቱ 46 በመቶው ብቻ ነበር ለህዝቡ ሽያጭ የሚቀረው፣ 38 በመቶው በፕሪሴል ይወጣል፣ 16 በመቶው ደግሞ ለአርቲስቱ፣ ለአዳራሹ፣ ለአዘጋጁና ለመሳሰሉት ተይዞ ይቀመጣል። ይሄ ቁጥር እንደ ኮንሰርቱ በጣም ይለያያል፣ ግን ዋናው ሽያጭ የሚባለው ብዙ ጊዜ የተረፈው ሽያጭ መሆኑን ያሳይሃል።

በሌላ በኩል ኮድ የደረሰው ሁሉ ይገዛል ማለትም አይደለም። በኖቬምበር 2022 የቴይለር ስዊፍት ፕሪሴል ላይ 3.5 ሚሊየን ሰው ተመዝግቦ ኮድ የተላከው ለ1.5 ሚሊየን አካባቢ ሰው ነበር፣ ወደ 2 ሚሊየን የሚሆነው ልክ እንዳንተ ዌይትሊስት ላይ ቀረ። በሽያጩ ቀን ግን ኮድ የሌለውም ቦቱም (እንደ ሰው ሆኖ ትኬት የሚገዛ ፕሮግራም) አንድ ላይ ስለመጣ ሲስተሙ 3.5 ቢሊየን ጥያቄ ደረሰው፣ ሰው ወንበር መርጦ ሊከፍል ሲል ይወጣበት ነበር፣ ባንድ ቀን ከ2 ሚሊየን በላይ ትኬት ተሸጠና ከሶስት ቀን በኋላ የታሰበው የህዝብ ሽያጭ የቀረው ትኬት በቂ አይደለም ተብሎ ተሰረዘ። ኮድ በእጃቸው ይዘው ሰአታት ተሰልፈው ባዶ እጃቸውን የወጡ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ኮድ አልደረሰኝም ብለህ ተስፋ አትቁረጥ፣ ደርሶህ ቢሆንም አትዝናና። ዌይትሊስት ላይ ያለ ሰው ተጨማሪ ቀን ሲታከል ወይም ትኬት ሲተርፍ ኮድ ሊላክለት ይችላል፣ ሽያጩ ሊጀመር ትንሽ ሰአት ሲቀረው የሚመጣበት ጊዜም አለ፣ ስለዚህ ኢሜይልህን ስፓሙን ጨምረህ፣ የስልክ ቴክስትህንም እያየህ ቆይ።

አሁን ልሽጥልህ ወዳለህ ልጅ ልምጣ። ኮድ ሁለት አይነት ነው። አንደኛው ለሁሉም ሰው አንድ የሆነ ቃል ወይም ቁጥር ነው፣ አዳራሹ ወይም አዘጋጁ ለኢሜይል ተከታዮቹ የሚልከው፣ ይሄ በነጻ ስለሚዘዋወር ለሱ ገንዘብ መክፈል ብር መጣል ነው። ሁለተኛው ለያንዳንዱ ሰው ተለይቶ የሚላክ ለአንድ ግዢ ብቻ የሚሰራ ነው፣ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ከተመዘገበው ሰው አካውንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንተ በራስህ አካውንት ገብተህ ብታስገባው አይቀበልህም፣ ባይያያዝ እንኳን ልጁ ያንኑ ኮድ ለአስር ሰው ሸጦት መጀመሪያ ያስገባው ሰው ወስዶት ሊሆን ይችላል፣ ይሄን የምታውቅበት መንገድ ደግሞ የለህም። "በኔ አካውንት ግባና ግዛ" ካለህ ደግሞ የባሰ ነው፣ አንተ ከፍለህ ትኬቱ የሚቀመጠው እሱ ጋ ነው፣ ፓስወርዱን ማታ ቢቀይረው ምን ታደርጋለህ? ካርድህም እዛ አካውንት ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። በዛ ላይ ኮድ መሸጥና መግዛት በአብዛኛው የሽያጭ ደንብ የተከለከለ ስለሆነ ትኬቱ ሊሰረዝብህ ይችላል። በየትኛውም በኩል ብታየው አያዋጣም።

የካርድ ፕሪሴል ላይ ግን በርታ። በአንዳንዶቹ ምዝገባ የሚባል ነገር የለም፣ ኮዱ የካርድህ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቁጥሮች ናቸው፣ በሌሎቹ ደግሞ ኮድ ሳይኖር በዛ ካርድ መክፈል ብቻ ነው የሚጠየቀው። ዴቢት ካርድም የሚቀበል አለ፣ ክሬዲት ብቻ የሚልም አለ፣ የዝግጅቱ ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል። አንተ ባይኖርህ ከአራቱ ልጆች አንዷ ወይም ወላጅ ሊኖረው ይችላል፣ ጠይቁ። ግን ካርዱ ከቀኑ በፊት መዘጋጀት አለበት፣ የኦንላይን ክፍያ የተፈቀደለት መሆኑን፣ የቀን ገደቡ አራት ትኬት ከነ ሰርቪስ ክፍያው የሚችል መሆኑን አረጋግጡ፣ ባንኩ ማረጋገጫ ቁጥር በኤስኤምኤስ የሚልክ ከሆነ ደግሞ ያ ሲም የገባበት ስልክ ከገዢው አጠገብ ይሁን። የመረጥከው ወንበር የሚያዝልህ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ብዙ ሰው ትኬቱን የሚያጣው ወረፋ ረዝሞበት ሳይሆን እዚች ቦታ ላይ የካርድ ቁጥር ሲፈልግና አድራሻ ሲሞላ ሰአቱ አልቆበት ነው። ካርዱን ከአንድ ቀን በፊት አካውንቱ ላይ መዝግቡት።

ስለ ወረፋው ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። በትልልቆቹ ሳይቶች ሽያጩ ከመከፈቱ በፊት የመጠባበቂያ ገጽ ይከፈታል፣ ሰአቱ ሲደርስ እዛ ገጽ ላይ ለነበረው ሰው ሁሉ ሲስተሙ በእጣ ቁጥር ያድላል፣ ከሰአቱ በኋላ የመጣ ግን ከኋላ ነው የሚሰለፈው። ስለዚህ ከሁለት ሰአት በፊት መግባትና ከ10 ደቂቃ በፊት መግባት በቁጥሩ ላይ ለውጥ የላቸውም፣ አንድ ደቂቃ ማርፈድ ግን በጣም ይጎዳል። ከግማሽ ሰአት በፊት ሎግ ኢን አድርጎ ሁሉን አረጋግጦ፣ ገጹ እንደተከፈተ ገብቶ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ሪፍሬሽ አታድርግ፣ ቁጥርህን ልታጣ ትችላለህ። በአንድ አካውንት ላፕቶፕና ሁለት ስልክ ስትከፍት ሲስተሙ እንደ አንድ ሰው ነው የሚያይህ ወይም ደግሞ ቦት መስለህ ትታየዋለህ፣ ቪፒኤን ከጨመርክበት ጭራሽ ሊዘጋብህ ይችላል። እድልህን በእውነት የሚጨምረው ነገር አራቱም ልጆች እያንዳንዳቸው በራሳቸው አካውንት፣ በራሳቸው ስልክ፣ በራሳቸው ኮድ ወይም ካርድ መሰለፋቸው ነው፣ መጀመሪያ የደረሳት ለአራቱም ትገዛና ለሌሎቹ ደውላ ታስቆማቸዋለች። መደወሏ የግድ ነው፣ ያለበለዚያ ሁለት ልጆች ገዝተው 8 ትኬት ይዘው ይቀመጣሉ፣ በኮንሰርት ትኬት ሀሳቤን ቀየርኩ ብሎ መመለስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

የብዛት ገደቡንም አክብር። አራት ወይም ስድስት ተብሎ ከተጻፈ ገደቡ የሚቆጠረው በአካውንት ብቻ አይደለም፣ በካርድም በአድራሻም ሊሆን ይችላል፣ በሁለት አካውንት በአንድ ካርድ የተገዛ ትርፍ ትኬት ካለ በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰረዝ ይችላል። ይሄ ጥብቅነት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ያው የ2016ቱ ሪፖርት ላይ አንድ ነጋዴ በዲሴምበር 2014 የዩቱ ባንድ ኮንሰርት ሽያጭ ሲከፈት በአንድ ደቂቃ ውስጥ 1,012 ትኬት በቦት ጠራርጎ መውሰዱ ተጽፏል፣ የተጻፈው ገደብ አራት ሆኖ ሳለ። በ2016 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ እንደዚህ አይነት ቦት መጠቀምን የሚከለክል የፌደራል ህግ ወጣ፣ ነጋዴው ግን አልጠፋም፣ ስለዚህ ሳይቶቹ ጥርጣሬያቸው በዛ፣ ያ ጥርጣሬ ደግሞ አንዳንዴ ንጹሁን ሰው ይመታል። እንደ ተራ ሰው ሆነህ ቅረብ፣ አንድ አካውንት፣ አንድ ብራውዘር፣ የራስ ካርድ።

ገጹ ሲከፈት ዋጋው ያስደነግጣችሁ ይሆናል። እዚህ ላይ እህትህን አስቀድመህ አስጠንቅቃት፣ ምክንያቱም ሰአት እየቆጠረባት ነው የምትወስነው። ፕላቲነም ምናምን ተብሎ የተጻፈ ወንበር ብዙ ጊዜ ከጎኑ ካለው ወንበር ምንም ልዩነት የለውም፣ ዋጋው በፈላጊ ብዛት የተሰቀለ ነው እንጂ። ቪአይፒ ፓኬጅ የሚለው ውስጥ ደግሞ ቲሸርትና ፖስተር፣ ቀድሞ የመግባት እድል የመሳሰሉት አሉበት፣ ዘፋኙን ማግኘት ካልተጻፈ የለም። በኦገስት 2024 ኦኤሲስ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ሽያጭ ላይ ለሰአታት የተሰለፉ እንግሊዞች 150 ፓውንድ ገደማ ነው ብለው የጠበቁት የመቆሚያ ቦታ ተራቸው ሲደርስ 355 ገደማ ሆኖ ጠበቃቸው። ብዙ ሰው ዋጋውን ኮምፒውተር በየደቂቃው ሲቀይረው ነበር ብሎ ያምናል፣ የሀገሪቱ የውድድርና ገበያ ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት ግን ያገኘው ሌላ ነው፣ ለአንድ አይነት የመቆሚያ ቦታ ሁለት ዋጋ ነበር፣ ርካሹ ሲያልቅ ውዱ ተከፈተ፣ ጥፋቱም ይሄን ለገዢው ቀድሞ በግልጽ አለመናገር ነው። ለናንተ ትምህርቱ አንድ ነው፣ ከፍተኛውን የምትከፍሉትን ዋጋ ከነ ሰርቪስ ክፍያው ከቀኑ በፊት ተነጋግራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከዛ በላይ ከሆነ አትግዙ። ትኬት ጠፋ የሚለውንም ወዲያው አትመኑ፣ ሌላ ሰው መርጦ ሳይከፍል ሰአቱ ያለፈበት ወንበር ስለሚመለስ በመጀመሪያው ግማሽ ሰአት ብልጭ ድርግም የሚል ወንበር ይኖራል፣ የኮንሰርቱ ቀን ሲቃረብም መድረኩ ተሰርቶ የትኛው ወንበር ያሳያል የትኛው ይጋረዳል የሚለው ሲለይ ለካሜራና ለድምጽ እቃ ተይዘው የነበሩ ቦታዎች በዋናው ዋጋ ይለቀቃሉ። ጥሩ ጥሩ ወንበር የሚገኘው አንዳንዴ በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው፣ ሰው ግን ያኔ ማየት ትቷል።

አሁን ወደ ወረቀት አልባው። ሰዎች ወረቀት አልባ ሲባል አንድ ነገር ይመስላቸዋል፣ ሶስት የተለያየ ነገር ነው፣ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ መግዛት የለብህም።

የመጀመሪያው በኢሜይል የሚመጣ ፒዲኤፍ ነው፣ ባርኮዱ የማይቀየር። ይሄንን ማተምም ስክሪንሾት ማድረግም ይቻላል፣ ችግሩ መጀመሪያ የተነበበው ይገባል፣ ሁለተኛው ይመለሳል፣ ስለዚህ አንድን ፒዲኤፍ ለአምስት ሰው የሚሸጡ አጭበርባሪዎች መጫወቻ ነው፣ ትልልቅ አዳራሾችም እየተውት ነው። ሁለተኛው በአፕ ብቻ የሚታይ ትኬት ነው፣ ባርኮዱ በየጥቂት ሰከንዱ የሚቀየር። ትልቁ የትኬት ሻጭ ድርጅት ቲኬትማስተር ይሄንን በ2019 ነው የጀመረው፣ ሌሎችም ተመሳሳይ አላቸው። ስክሪንሾት የማይሰራው በዚህ ምክንያት ነው፣ አንተ ልከህላት እሷ በር ጋ እስክትደርስ ባርኮዱ ከሞተ ቆይቷል፣ ስካነሩ ቀይ ያበራል፣ እዛ ያለው ሰራተኛም ቢያዝንላት ምንም ሊያደርግላት አይችልም። በስልኩ ዋሌት (ካርድና ትኬት የሚቀመጥበት አፕ) ውስጥ ተጨምሮ ስልኩን ወደ ማሽኑ በማስጠጋት ብቻ የሚያስገባ አይነትም አለ፣ እሱም እንደዛው በስክሪንሾት አይሆንም።

ሶስተኛው ጠንካራው ነው። ምንም ትኬት የለም፣ ባርኮድም የለም፣ የተገዛበት ካርድ ራሱ ትኬት ነው። ገዢው ካርዱንና ፎቶ ያለበት መታወቂያውን ይዞ በር ላይ ይቀርባል፣ ካርዱን ያስነብባሉ፣ የወንበር ቁጥር ያለበት ትንሽ ወረቀት ይወጣል፣ አብረውት የመጡት ሁሉ ከሱ ጋር በአንድ ጊዜ መግባት አለባቸው። በ2009 የዘፋኟ ማይሊ ሳይረስ ኮንሰርቶች በዚህ መንገድ በመሸጣቸው ብዙ አነጋግረው ነበር፣ በተለይ ወላጆች ልጆቻቸውን ለማስገባት ራሳቸው ካርድ ይዘው በር ድረስ መሄድ ስለነበረባቸው። ያንተ ኮንሰርት እንደዚህ ከሆነና በካርድህ ከገዛህ እህትህ አትገባም፣ አለቀ። ካርድህን ሰጥተሃት ብትሄድ እንኳን መታወቂያው የሷ ነው፣ ስሙ አይገናኝም።

አፑ ላይ ያለው ሁለተኛው አይነት ከሆነ ግን ትራንስፈር የሚባል ህጋዊ መንገድ አለ፣ ይሄን በደንብ ተረዳው ምክንያቱም ላንተ መውጫው እዚህ ጋ ነው። በአካውንትህ ያለውን ትኬት ትራንስፈር ብለህ በእህትህ ኢሜይል ወይም ስልክ ትልክላታለህ፣ እሷ በራሷ አካውንት ተቀበልኩ ስትል ያንተ ባርኮድ ይሰረዝና ለሷ አዲስ ይወጣል። ከዛ በኋላ አንተ የትም ሀገር ብትሆን ችግር የለም። ከሌላ ሰው ስትቀበልም ቢሆን ትኬቱ ያንተ ነው የሚባለው ይሄ ሲፈጸም ብቻ ነው፣ ፎቶ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የኢሜይል ኮፒ ምኑም ማረጋገጫ አይሆንም። ጥንቃቄው ግን አለ፣ አንዳንድ ኮንሰርት ላይ ትራንስፈሩ የሚከፈተው ኮንሰርቱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጭራሽ ተዘግቷል።

ለምን ይዘጋል ብለህ ብትናደድ አልፈርድብህም፣ ግን ምክንያቱን ስታየው ግማሹ እውነት አለው። በ2023 ዘ ኪዩር የሚባለው ባንድ በአሜሪካ ጉዞው ትኬቱን ርካሽ አድርጎ ትራንስፈር ዘጋ፣ መሄድ ያልቻለ ሰው በገዛበት ዋጋ ለሌላ አድናቂ መልሶ የሚሸጥበት ብቻ ተከፈተ። ኒውዮርክ፣ ኢሊኖይና ኮሎራዶ ውስጥ ግን የገዛኸውን ትኬት ማስተላለፍ መብት ነው የሚል ህግ ስላለ እዛ መዝጋት አልቻሉም። ነጋዴዎቹ መላ ሲያጡ ትኬቱ ያለበትን አካውንት ከነ ፓስወርዱ መሸጥ ጀመሩ፣ ባንዱም በውሸት አካውንት የተገዙና ውጪ ለሽያጭ የወጡ ወደ 7,000 የሚጠጉ ትኬቶች መሰረዛቸውን አሳወቀ። ከነዛ ውስጥ አንዱን ከነጋዴ የገዛ አድናቂ ኮንሰርቱ ይቀርበታል፣ ገንዘቡም ላይመለስለት ይችላል። እኔ በግሌ የማምነው እዚህ ላይ ነው፣ በዋናው ዋጋ መልሶ መሸጥ እስከተፈቀደ ድረስ ትራንስፈር መዘጋቱ አድናቂውን ይጠቅማል፣ መልሶ መሸጫ ሳይሰጡ መዝጋት ግን የታመመን ወይም ጉዞ የገጠመውን ሰው መቅጣት ነው። ያም ሆነ ይህ ደንቡን አንተ አትቀይረውም፣ ከመግዛትህ በፊት ግን ልታነበው ትችላለህ።

ከሌላ ሰው መግዛት የግድ ከሆነ ትኬቱን የሸጠው ድርጅት ራሱ ባዘጋጀው መልሶ መሸጫ ውስጥ ብቻ ግዙ፣ ትኬቱ እዛው ሲስተም ውስጥ ከአካውንት ወደ አካውንት ስለሚዞር ውሸት የመሆን እድሉ በጣም ትንሽ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፣ ፕሪሴሉ ገና ሳይከፈት ሌላ ሳይት ላይ "ረድፍ 5" ተብሎ ለሽያጭ የቀረበ ትኬት ካያችሁ ሻጩ በእጁ ምንም የለውም፣ ወደፊት ካገኘሁ ብሎ ነው የሚሸጠው፣ ካላገኘ ገንዘብ ይመለስላችሁ ይሆናል፣ ግን ያኔ ሆቴልና የአውሮፕላን ትኬት ከፍላችሁ ሊሆን ይችላል።

ስለ ኮንሰርቱ ቀን ለእህትህ የምትነግራት ጥቂት ነገር አለ። ትኬቱን ቤት እያለች ኢንተርኔት ባለበት አፑ ላይ ትክፈተው፣ ዋሌት ውስጥ መጨመር የሚቻል ከሆነም ትጨምረው፣ በር ላይ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ላይ ስለሚጠቀም ኔትወርኩ የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ባትሪ ትሙላ፣ ፓወር ባንክ ትያዝ። አራቱም ትኬት አንድ ስልክ ላይ ከሆነ አራቱም አንድ ላይ መግባት አለባቸው፣ አንዷ የምታረፍድ ከሆነ የሷን ቀድሞ ትራንስፈር ማድረግ ነው። ስልክ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ በሌላ ስልክ ሎግ ኢን ማድረግ ይቻላል፣ ግን ሲስተሙ ማረጋገጫ ቁጥር በተመዘገበው ስልክ ይልካል፣ ሲም ቀይራ ከሆነ እዛው ትቆማለች፣ ስለዚህ ኢሜይሏን በማንኛውም ስልክ ለመክፈት ፓስወርዱን በቃሏ ትያዘው። ይሄ ሁሉ ካልሆነ ወደ አዳራሹ የትኬት ቢሮ መታወቂያና የግዢ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ነው፣ ገዢው ራሱ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይረዱታል፣ ገዢው ሌላ ሀገር ያለ ወንድም ከሆነ ግን እጃቸው የታሰረ ነው።

ፓስወርዱንም ሌላ ቦታ የማትጠቀምበት አዲስ ፓስወርድ አድርጉት። በ2024 የቲኬትማስተር የደንበኞች መረጃ ተሰርቆ ሌቦቹ የ560 ሚሊየን ሰው መረጃ አለን ብለው ነበር፣ ከዛ ውጪም ሌላ ሳይት ላይ በሾለከ ፓስወርድ አካውንት ከፍቶ ትኬቱን ለራስ ትራንስፈር አድርጎ መውሰድ የታወቀ ስርቆት ነው። ትኬቱ አካውንቱ ውስጥ ነው ካልን አካውንቱን መጠበቅ ትኬቱን መጠበቅ ነው።

ያንተ ጉዳይ ላይ የምመክረው አንድ ነገር ነው፣ አንተ አትግዛ፣ እህትህ ትግዛ። የራሷን አካውንት በትክክለኛ ስሟ ትክፈት፣ መታወቂያዋ ላይ ባለው ስም፣ ለመግዛት እድሜዋ የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ አብሯት የሚገባ አዋቂ ይክፈት። የካርድ ፕሪሴሉን በሷ ወይም ከአራቱ በአንዷ ካርድ ይሞክሩ፣ ገንዘቡን አንተ ላክላት። የካርድ ፕሪሴሉ ካለፈ ዋናው ሽያጭ ላይ አራቱም በየአካውንታቸው ይሰለፉ፣ እሱም ካልሆነ በዋናው ዋጋ መልሶ መሸጫውን በየቀኑ ይመልከቱ፣ በተለይ የመጨረሻው ሳምንት ላይ። ኮዱ ላንተ በኋላ ቢመጣልህና በራስህ አካውንት ከመግዛት ሌላ አማራጭ ካጣህ ደንቡ ትራንስፈር ይቻላል የሚል ከሆነ ብቻ ግዛ፣ በካርድና በመታወቂያ ነው መግቢያው ከተባለ ግን ወንበሩ የፈለገ ቢያምር ተወው።

በራስህ አካውንት የምትገዛ ከሆነ ስለ ገንዘቡም ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ኮንሰርቱ ቢሰረዝ ተመላሹ ብዙውን ጊዜ የሚገባው መጀመሪያ ወደተከፈለበት ካርድ ነው፣ ትኬቱ ትራንስፈር ተደርጎ እህትህ ወይም ጓደኞቿ ጋ ቢሆንም። ለሌላ ቀን ከተላለፈ ደግሞ ተመላሽ የሚጠየቅበት ጊዜ አጭር ሊሆን ስለሚችልና ማስታወቂያው የሚላከው በገዢው ኢሜይል ስለሆነ ያንን ኢሜይል እስከ ኮንሰርቱ ቀን ድረስ እየከፈትክ ለልጆቹ አሳውቃቸው።